የሚያብረቀርቅ ቀለም ለጭቃ ግድግዳ አይሆንም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ያረጁ አብያተ ክርስቲያናት ሲታደሱ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚመራው አንድ እምነት ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባው ቀለም ይበልጥ የሚያብረቀርቀው፣ ውሃ የማያስገባውና ዋጋው የከበደው ነው የሚል። በስለት የገባው ዘይት ቀለምም በቀጥታ በጭቃው ልስን ላይ፣ ሲብስም በአሮጌው ሥዕል ላይ ይቀባል። የሰጪው ልብ ቅን ነው። ልማዱ ግን ግድግዳውንም ሥዕሉንም ስለሚያጠፋ መቆም አለበት። ቀለም መመረጥ ያለበት የሚያርፍበት ነገር ታይቶ ነው፤ መሠረቱን ያልጠየቀ ሠዓሊ በምንም ያህል ውድ ቀለም ቢሠራ ሥራው አይዘልቅም።

ጭድ ገብቶበት የተቦካ ጭቃ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣል። የደጋው ዝናብና ጉም ያራሰው ግድግዳ ጤናው የሚጠበቀው ይህ መመላለስ ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። ዘይት ቀለም ግን ሲደርቅ ላስቲክ እንደተለበጠበት ያፍነዋል። መውጫ ያጣው እርጥበት ከቀለሙ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ከወለሉ ላይ የረገፈውን ቅርፊት አንስቶ ማየት ብቻውን ያስረዳል፦ ፊቱ ገና ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ላይ ግን ጭቃ፣ ጭድና የአሮጌው ሥዕል ቀይ ተጣብቀው መጥተዋል። አዲሱ ቀለም ለብቻው አይወድቅም፤ ጥንታዊውን ይዞ ነው የሚወርደው።

የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ቀለሙን ለጭቃው አልሰጡም፤ የጥጥ ጨርቅ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ በነጭ መደብ አለስልሰው፣ በዚያ ላይ በሙጫ የተበጠበጠ ቀለም ቀቡ። የዚህ አሠራር ማስረጃ ጎንደር ከሚገኘው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ነው። የፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቆ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በምትካቸውም በሠዓሊው በጋስቶን ሉዊ ሩ የተሣሉ ቅጂዎች ተተኩ። መወሰዳቸው እስከ ዛሬ የሚቆጭ ነው። ሳይፈራርሱ መላቀቃቸው ግን መሠረቱ ምን ያህል ታስቦበት እንደተሠራ ይመሰክራል።

አባቶችም ከውጭ የመጣ ቀለም ተጠቅመዋል፣ እኛን ምን ይከለክለናል የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፋብሪካ የተሠራ ሰማያዊ በሥዕሎቻችን ገብቷል። የተለወጠው ግን የዱቄቱ ዓይነት ነው፤ ጨርቁ፣ መደቡና ሙጫው ቦታቸውን አልለቀቁም። ዘይት ቀለም ይበረክታል የሚለውም በብረት በርና መስኮት ላይ እውነት ነው፣ በጭቃ ላይ ሐሰት። ከሁሉ የሚከብደው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለም፣ መታደስ አለበት የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ እዚያው ጋይንት ውስጥ፣ በድጓ ምስክርነቷ በምትታወቀው ቤተልሔም አለ። ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ ከውስጡ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። አዲሱን የሠሩት ሰዎች አሮጌውን ሳይነኩ ከበቡት። ጸሎቱም አልተቋረጠ፣ ቅርሱም አልጠፋ።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ቀለም ከመቀበሉ በፊት ግድግዳው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ውሃ ጠብ ሲደረግበት የሚመጥ ከሆነ ለዘይት ቀለም ቦታው አይደለም። ሥዕል ባለበት ቦታ ደግሞ ማንም ብሩሽ አያንሣ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና በቅድሚያ የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። አዲስ ሥዕል የሚሻ ደብር በጨርቅ ላይ አስሥሎ ይስቀል። የስለት ገንዘቡም የሚያፈሰውን ጣሪያ ይድፈን፣ የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚያርቅ ቦይ ይቆፍር። ሥዕሉን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያደርሰው ደረቅ ግድግዳ ነው፤ ስለት ያስገባው ምእመንም የፈለገው ይህንኑ ነበር።