ባጃጅህን አትሽጥ!

አቃቂ በሰቃ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ባሉበት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲራመዱም እግራቸው ይጎተታል። አላፊ አግዳሚው «ጠጥተው ነው» ይላል። ሕመማቸው ግን ፓርኪንሰን ነው።

ሰሞኑን ልጃቸው ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። ታማሚው የአየር ግፊቱ ከፍ ባለ ክፍል ገብቶ ንጹህ ኦክስጅን ይስባል፤ «ዳነ» ይላሉ። «ባጃጄን ሸጬ አባዬን ውጭ ላሳክመው?» አለኝ።

«አትሽጥ» አልኩት። ይህ ሕክምና በከሰል ጭስ ለታፈነ ሰው፣ አልድን ላለ የስኳር ታማሚ የእግር ቁስልም ይሰጣል። ፓርኪንሰንን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለዚህ በሽታ አልፈቀደውም። ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች ሲሞቱ ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው ኪኒን አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል፤ ባያድንም እንቅስቃሴን ያቀላል፣ ሰዓቱ ሲዛነፍ ግን ሰውነት ይተሳሰራል።

ስለዚህ ቪዲዮውን ሼር ከማድረግህ በፊት ለኪኒኑ አላርም ሙላ። ምክር ካስፈለገህ ራሳቸው ታማሚ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ። እኛ ጎረቤቶችም «ሰክረው ነው» ማለቱን እንተው። ይሄ ብር አይጠይቅም።