ልጅን የሚያስተኛው የክፍሉ ጌጥ አይደለም

ቲክቶክ ላይ በካርቱን ያጌጠ የልጆች መኝታ ክፍል እያያችሁ "የእኔ ልጅ ይሄ ቀረበት" ብላችሁ አትዘኑ። እዚህ መቀሌ ብዙ ቤተሰብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከልጆቹ ጋር ነው የሚተኛው። በእኔ እምነት ልጅን የሚያስተኛው ጌጡ ሳይሆን ልማዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ቲቪው እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት እየጮኸ ልጁ እንዴት ይተኛ?

👉 ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት አስተኙት። ተጣጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ተረት ሰምቶ ይተኛ።
👉 ከዚያ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ስልክና ቲቪ ይጥፋ፤ መብራትም ይቀነስ።
👉 ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ የሚተኛበትን ጥግ በመጋረጃ ለዩለት።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ወይም ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ በምትተኙበት ክፍል አታሳድሩ! ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቤተሰቡን በተኛበት ሊገድል ይችላል።

የግድግዳው ቀለም ይቆየን፤ መጀመሪያ ልጁ በሰላም ተኝቶ በሰላም ይነሳ። ትንሽ ልጅ ላላቸው ሼር አድርጉላቸው።