ጀመዓውም ቅሬውም የኛ ነው



ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይነት ሳይመጣላቸው፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ መካ ውስጥ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው ሒልፈል ፉዱል ላይ ተገኝተዋል። ቃል ኪዳኑ ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን ለተከለከለ የመናዊ ነጋዴ ሐቁን ለማስመለስ ነበር። ተዋዋዮቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ነቢዩ ግን በኋላም፣ በእስልምና ዘመን ለእንዲህ ያለው ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

እኛስ? ግቢ ውስጥ ጀመዓው ሲጠራን እንሮጣለን። ክረምት ወደ ቤተሰብ ስንመለስ ግን የቅሬውን ስብሰባ «የሽማግሌዎች ነው» ብለን እንተወዋለን። ወሎ ውስጥ በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ይህን ያቆዩልን አባቶች እያለፉ ነው፤ መዝገቡን የሚረከብ ወጣት ከሌለ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። አብሮ መሥራት ዲኔን ያላላብኛል ብሎ የሚሰጋ ሒልፉን ያስታውስ።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ቅሬው ላይ እንገኝ፤ መዝገብ እንጻፍ። የሰፈሩ ቦይ ሲጠረግ አካፋ እንያዝ፤ ሲቪል የምንማር ደግሞ ውሃው በየት ቢወርድ እንደሚሻል እናሳይ። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። አሁን የቀረን መሥራቱ ነው፣ ኢንሻአላህ።