የጋላክሲ ጋዝና የማይታየው ባለሥልጣን

ስለ ጋላክሲ የሚናገር ሰው ሁሉ ከከዋክብት መጀመሩ አያስደንቅም፤ ብርሃን ዓይንን ይማርካልና። ነገር ግን አንድ ጋላክሲ ወደ ፊት ኮከብ ይወልድ ወይም መካን ሆኖ ይቀር እንደ ሆነ ሊፈርድ የሚሻ፥ ከኮከቡ ይልቅ ኮከብ የሚሠራበትን ጋዝ፥ ከጋዙም ይልቅ ጋዙን በስበቱ ሰብስቦ የያዘውን ረቂቅ የጨለማ ቁስ ድባብ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል እላለሁ።

ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 የኮማን የጋላክሲዎች ጉባኤ፥ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድም በ1970 የአንድሮሜዳን ዙረት መርምረው ስለዚህ ጨለማ ቁስ ያቀረቡት ምስክርነት እየተጠራቀመ ሄዶ፥ ዛሬ ሊቃውንቱ በዓለም ካለው ቁስ ከስድስት እጅ አምስቱ ያህል የማይታይ ነው ይላሉ።

የድባቡ ክብደት ግን ለጋዙ ሁልጊዜ በረከት አይሆንም። ድባቡ ቀላል ሲሆን፥ የሚፈነዱ ከዋክብት ጋዙን ጠርገው ሲያወጡት ይዞ የሚያስቀር ስበት ያጣል፤ ክብደቱ ከአንድ ሺህ ቢሊዮን ፀሐይ እጅግ ሲያልፍ ደግሞ፥ ወደ ውስጥ የሚወድቀው ጋዝ ተጋጭቶ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ስለሚግል፥ በመካከሉ የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ የሚያመነጨው ኃይልም ስለሚጨመርበት፥ በርዶ ኮከብ ለመሆን ይቸግረዋል። በቪርጎ ጉባኤ መካከል ያለው ኤም 87 በኤክስሬይ በሚያበራ ጋዝ ተከቦ ሳለ እምብዛም አዲስ ኮከብ አለመውለዱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ታላቁ ድባብ በታናሹ ላይ ያለው ሥልጣን ነው። 250 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ የምትዞረው ድንክ ጋላክሲ ድራኮ፥ ጌታዋ በድባቡ ውስጥ ያኖረው ስስና ትኩስ ጋዝ በጉዞዋ ሁሉ ሲገፋት ኖሮ፥ ዛሬ ብትፈተሽ ጋዝ አይገኝባትም፤ በከዋክብት ብዛት ከእርሷ የማትበልጠው ሊዮ ቲ ግን፥ ከ1 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ በመኖሯ፥ ሃይድሮጂኗን እስከ ዛሬ ጠብቃለች።

ስለዚህ ጨለማ ቁስ የቀመር ማሟያ ነው ብለው የሚያፌዙትንም፥ የድባቡን ክብደት ብቻ ቆጥረው ምሥጢሩን ፈታን የሚሉትንም አልቀበልም። የጨለማውን ቁስ ቅንጣት በጥልቅ ማዕድን ጉድጓድ ለሚያድኑ የሚሰጠው ገንዘብ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ኢዌንና ፐርሰል በ1951 መጀመሪያ የተቀበሉትን የሃይድሮጂን የ21 ሴንቲሜትር ሞገድ እየተከተሉ ብቸኞቹን ድንክ ጋላክሲዎች ለሚፈትሹትም የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ሰፊ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ድባብ በራሱ የሚያደርገውን ጎረቤት ከሚቀማው ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ከታላላቆቹ ርቀው በሚኖሩት ዘንድ ነውና።