«ማንን ጎዳሁ?»



አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ድሮ ቁርኣን ያስቀራሁትን ወጣት ጉንጩን በጫት ወጥሮ መንገድ ላይ አገኘሁት። ልመክረው ስጀምር፣ «ኡስታዝ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ ሰውነቴ ነው። ማንን ጎዳሁ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ዛሬ በየቤታችን ይሰማል። ልጆቻችን ባያውቁትም ቃሉ አባት አለው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነፃነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ አስኳል እንዲህ ነው፦ ለአካለ መጠን የደረሰን ሰው መንግሥትም ሆነ ሕዝብ ሊያስገድደው የሚችለው ሌላውን እንዳይጎዳ ብቻ ነው። ለራሱ ጥቅም ተብሎ ግን አይገደድም፤ ይመከራል እንጂ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ በዚህ አባባል ውስጥ መልካም ነገር አለ። መንግሥት በሰው እምነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሚደርሰውን በደል እኛም ቀምሰነዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት የሃይማኖት እኩልነትን ለመጠየቅ ነበር። ስለዚህ ከነፃነት ጋር ጠብ የለንም። ጥያቄያችን፣ ጉዳትን የሚሰፍረው ማን ነው? በማንስ ቁና? የሚል ነው።

ሚል ከ1823 እስከ 1858 የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ባልደረባ ነበር። ይህ ኩባንያ በቤንጋል ግዛት የኦፒየምን ምርት በብቸኝነት ይዞ፣ ገበሬው ያመረተውን ራሱ በቆረጠው ዋጋ እየተረከበ በካልካታ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎችም ይህንን አደንዛዥ ዕፅ በኮንትሮባንድ ወደ ቻይና ያስገቡታል። በ1839 የቻይናው ሹም ሊን ዘሹ ኦፒየሙን ወርሶ ቢያስወግደው እንግሊዝ ጦር አዘመተች። በ1842 የተሸነፈችው ቻይና ሆንግ ኮንግን አስረከበች፤ ካሳም ከፈለች።

ከ17 ዓመት በኋላ በወጣው መጽሐፉ ሚል ቻይና ኦፒየም እንዳይገባ መከልከሏን የሸማቹን ነፃነት ከሚነኩ ሕጎች ተራ መደበው! በዚያው መጽሐፍ ደግሞ ይህ የነፃነት ትምህርት «ኋላ ቀር» ላላቸው ሕዝቦች እንደማይሠራ፣ እነርሱን ለማሻሻል እስከሆነ ድረስ በፈላጭ ቆራጭ ማስተዳደር እንደሚፈቀድ ጽፏል። እንግዲህ ፍትሑን ተመልከቱ፦ ቻይናዊው መርዝ ለመግዛት ነፃ ነው፤ ህንዳዊው ግን በገዛ አገሩ ራሱን ለማስተዳደር ነፃ አይደለም።

«የሱሰኛው ቤተሰብስ?» ብንል ሚል መልስ አለው። ሰውየው በመጠጡ ምክንያት ልጆቹን ማስተዳደር ካቃተው ግዴታውን በማጉደሉ ይቀጣ ይላል፤ ስለ መጠጡ ግን አይደለም። ይህ ማለት ልጆቹ እስኪራቡ እንጠብቅ ማለት ነው። ደግሞም ሰው ራሱን ለባርነት መሸጥ አይችልም፤ ነፃነት ነፃነትን ለመጣል አይሆንም ይላል። ታዲያ ሱስ ምንድን ነው? ጌታው ቅጠል ወይም ጠርሙስ ስለሆነ ባርነትነቱ ይቀራልን?

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መርከብ የሰጡን ምሳሌ ይህንን ጉዳይ ይፈታዋል። በታችኛው ክፍል ያሉት ተሳፋሪዎች ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ እየወጡ ሌላውን ላለማስቸገር በገዛ ክፍላቸው ቀዳዳ ሊያበጁ ያስባሉ። የላይኞቹ ቢተዋቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ልብ በሉ፤ የቀዳዳው ቦታ የራሳቸው ነው፤ ሐሳባቸውም ክፉ አይደለም። ባሕሩ ግን የግል ክፍል አያውቅም።

ይህ ሲባል የሰው ጓዳ እንሰልል ማለት አይደለም፤ ቁርኣን ስለላን ከልክሏል። በሃይማኖትም ማስገደድ የለም። ሰውነታችን ግን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው። ባለ አደራ ደግሞ «የራሴ ነው» ብሎ አያባክንም።

ያንን ወጣት አልተቆጣሁትም። «የዛሬውን ጫት በስንት ገዛኸው?» አልኩት። ነገረኝ። «ታናሽ እህትህ ደብተር ከጎረቤት ስትለምን ሰምቻለሁ» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ጫቱን ግን አልተፋውም።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁ «ማንን ጎዳሁ?» ሲሏችሁ ዱላ አታንሱ። የተጎዳውን ሰው በስሙ ጥሩላቸው። መጀመሪያ ግን እኛው ራሳችን በየበርጫውና በየሐሜቱ የቀደድነውን እንድፈን። አላህ መርከባችንን ይጠብቅልን። አሚን።