«ተረጋጊ» የሚባል ሻይ

በዚህ ዘመን ከሁሉ የረከሰው ምክር «ተረጋጊ» ነው። ቲክቶክ ከፍታችሁ እዩ፦ ነጭ ግድግዳ፣ እንፋሎት የሚወጣው ኩባያ፣ በክብ እንጨት የተወጠረ ጨርቅ፣ ከጀርባ ዝግ ያለ ክራር። ጣቶቿ ብቻ የሚታዩት ልጅ መርፌዋን ትሰካለች፣ የጦስኝ ሻይዋን ፉት ትላለች፣ ከሥር «ለራስሽ ጊዜ ስጪ» የሚል ጽሑፍ ያልፋል። ቀጥሎ የሚሸጠው ይመጣል፤ የሻይ ፓኬቱ፣ የጥልፍ ሳጥኑ፣ የቅዳሜ ከሰዓት የ«ዌልነስ» ሥልጠናው።

ጠቤ ከጦስኙ ጋር አይደለም። ከመርፌው ጋርማ ምን አጣላኝ፤ ቡራዩ ተቀምጬ በጥልፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። የሚያንገበግበኝ «ሰላምሽ በእጅሽ ነው፤ ካጣሽው ራስሽን ጠይቂ» የሚለው ስብከት ነው። ሻይና መርፌ በእርግጥ ያረጋጋሉ። የሚያረጋጉት ግን ጊዜ፣ ሰውና ዋጋ አብሯቸው ሲኖር ነው። ሦስቱን ወዲያ ትቶ ኩባያውንና ክሩን ብቻ የሚሸጥልን ሰው ባዶ ማሰሮ ነው የሚሸጥልን።

መጀመሪያ እውነቱን እንመን። መስቀልኛ ጥልፍ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ጎን እያልሽ ክር ትቆጥሪያለሽ፣ አንዷን ከዘለልሽ መፍታት አለ። እጅ ሲቆጥር ሐሳብ የሚሮጥበት ሜዳ ይጠበዋል። ትንፋሽም ማንም ሳያዘው ከእጅ ጋር መሄድ ይጀምራል። እናቶቻችን ሲከፋቸው ሰበዝና ወስፌ ያነሱ የነበረው ሞሰብ ስለጎደላቸው ብቻ አልነበረም።

ይህን ያስተዋልነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በተለያዩ አገሮች ያሉ ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚሠሩት የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የዌልነስ ነጋዴዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር ይላል፤ ከሌሎች ጋር ተሰብስቦ መሥራት ለደስታም ለሰው ግንኙነትም የራሱ ድርሻ አለው። ይቺኛዋ ግኝት ፓኬት ላይ አትታተምም፤ ጎረቤት በፓኬት አይሸጥማ!

ከዚያም የቆየ ታሪክ አለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ብሪታንያ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የጥልፍ ድርጅት ተቋቋመ። ከሐሳቡ ጀርባ የነበረው ራሱ በጦርነቱ የቆሰለው ተዋናይ ኧርነስት ቴሲጀር ነው። አልጋ ላይ የዋሉና ከቤት መውጣት የማይችሉ ወንዶች መርፌ ያዙ፣ የቤተ ክርስቲያን መጎናጸፊያ ሳይቀር ጠለፉ። ልብ በሉልኝ፦ ሥራቸው ይሸጥ ነበር፣ እነሱም ይከፈላቸው ነበር። ለእነዚያ ሰዎች «ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ» ያላቸው የለም። ሥራ ነው የተሰጣቸው፣ ከነክፍያው።

ቅጠሉም እንደዚሁ ነው። ጦስኝ ደጋ ላይ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ የሚበቅል፣ ከእኛ ደጋ ውጪ እምብዛም የማይገኝ የአገር ሀብት ነው። ጉንፋን ሲይዘን ጦስኝ እናፈላለን፣ ምች ሲመታን ዳማከሴ ይታሻል፣ ቡናችን ላይ ጤና አዳም ጣል ይደረጋል፣ ከጓሮ ጠጅ ሳር ይቀነጠሳል። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል፤ ነገሩ ተረት እንዳልሆነ ለማወቅ ይህም ይበቃል። ግን ባለሙያ እናቶች መጠን ያውቁ ነበር። ጤና አዳም ሲበዛ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ነው፤ መርዝም ከተፈጥሮ ይገኛል። ደግሞ ለፓኬት ተብሎ ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ መልሶ አያቆጠቁጥም። የእኔ መረጋጋት ለአንድ ጋራ መራቆት ምክንያት ከሆነ ያ ምኑን መረጋጋት ሆነ?

አሁን ወደ ሦስቱ እንምጣ። ጊዜ።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው ተቀምጠዋል። ከእኛ ብዙዎቹ እዚህ የሚኖሩት የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ ስለገፋቸው ነው። ጠዋት አየር ጤና፣ አስኮ ወይም አዲሱ ገበያ ለመድረስ ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ማታ ሲገቡ ልጅ ተኝቷል። «ጠዋት 30 ደቂቃ ከሻይሽ ጋር በጸጥታ አሳልፊ» የሚለው ምክር ለእነዚህ ሰዎች ቀልድ ነው። ሠላሳውን ደቂቃ የታክሲ ሰልፍ በልቶታል።

ክር በራሱ የሚያረጋጋ ቢሆን ኖሮማ በዓለም ላይ ከሁሉ የተረጋጋው ሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በሆነ ነበር። ሰበታና ዓለም ገና ሂዱ፤ እንደ አይካ አዲስ ያሉ ፋብሪካዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከክርና ከጨርቅ ጋር ሲያውሉ ኖረዋል። በሺፍት የቆመች ልጅ ቀኑን ሙሉ ክር ስታይ ውላ ማታ እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ ነው የምትፈልገው። ክሩ ያው ክር ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ የማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ሻይስ ውሃ አይፈልግም እንዴ? ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት። በዚያችው ከተማ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ጦስኟን ከየትም ታመጣ ይሆናል፤ ማፍያው ውሃ ግን በመኪና ተጭኖ በአጠገቧ ያልፋል።

ሁለተኛው ሰው ነው። የቅጠል ሻይም ቡናም እኛ ዘንድ ብቻን የሚጠጣ ነገር አልነበረም። «ቡና አጣጭ» የሚል ቃል ያለን ሰዎች ነን። የእኔ ቡና አጣጮች ውስጥ እትዬ የምላት የጎጃም ሴት አለች፣ አዴ የምላት የዚሁ የቡራዩ ተወላጅ እናት አለች፣ አንዷ ነጠላ ትቋጫለች፣ አንዷ ዳንቴል ትሠራለች፣ እኔ ጥልፌን እይዛለሁ። የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ባል ሥራ ፈታ፣ ዕቁቡ ለማን ወጣ፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል። እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከባድ ነገር ማውራት ይቀላል። በእኛ ሰፈር የምክር አገልግሎት ማለት ይሄ ነው፤ ቀጠሮም ክፍያም የለውም።

ይህ ክብ የሚቆመው ሰፈሩ ሲቆም ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ። በዚያው ዓመት ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በቤት ፈረሳውና ሰዎችን በግዳጅ በማስነሣቱ ላይ መግለጫ አወጣ። ቤት ሲፈርስ ግድግዳ ብቻ አይፈርስም። እድሩ ይበተናል፣ ዕቁቡ ይቋረጣል፣ ቡና አጣጭ አንዷ ወደ ዘመድ፣ አንዷ ወደ ገጠር ትሄዳለች። ቆርቆሮዋን ሰብስባ መንገድ ዳር ለተቀመጠች ሴት «ካሞማይል ጠጪ፣ ጥሩ እንቅልፍ ይሰጥሻል» ማለት ስድብ ነው።

ጸጥታ ሲባል የገዳም ፎቶ የሚለጥፉም አሉ። ሰበታ ውስጥ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ገዳም አለ። እዚያ ያሉት መነኮሳይያት ጸሎትን ከሥራ ሳይነጥሉ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች እያሳደጉ የሚኖሩ ናቸው። ከውጭ የሚታየው ጸጥታ በውስጡ ሥርዓት፣ ድካምና አብሮ መኖር አለው። ፎቶውን ወስዶ ድካሙን መተው የተለመደው የእኛ ዘመን ሌብነት ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። የአንድ ቀሚስ ደረትና ጫፍ በእጅ ጠልፌ ለመጨረስ 12 ቀን ይፈጅብኛል። አንዴ አንድ ሱቅ ወስጄ ስናስረክብ ባለሱቋ የቆረጠችልኝ ክር፣ መብራትና ታክሲ ሲቀነስ የቀን ሠራተኛ ምሳ አይሸፍንም። ስከራከር ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ እኮ የምትወጂውን ነው የምትሠሪው፤ ለአእምሮም ጥሩ ነው።» በቃ፣ መረጋጋቴ ከክፍያዬ ላይ ተቀነሰ! ይቺን ዓረፍተ ነገር በደንብ አጥኗት። ለወንድ ግንበኛ «ድንጋይ መደርደር እኮ ያዝናናል» ብሎ ሒሳብ የሚቀንስበት ሰው አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ጥልፍና ከውጭ የሚገባ፣ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ገበያውን ይዞታል። የእጅ ጥልፍን «ሆቢ» ባልን ቁጥር የሚወድቀው የእጅ ጥልፍ ዋጋ ነው።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ እንጦጦ ቅርብ ነው። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ያለበት ጋራ ለዘመናት ሴቶች የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱበት ነው። ከእነሱ መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕ የሚሸምኑና የሚሸጡ ሴቶች አሉ። እዚያ ክር በእርግጥ ሕይወት ለወጠ። የለወጠው ሽመናው ስለሚከፍል፣ በዚያውም ሸክሙ ከጀርባ ስለወረደ ነው።

ከክር ሳልወጣ፣ መርፌዬ የሚያርፍበት ሸማ ከየት ይመጣል? ከሸማኔ እጅ። ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፣ በቡራዩም ይኖሩ ነበር። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ሰዎች ተገደሉ፣ የተረፉት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ፣ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ሽመና ዝግ ያለ፣ ምት ያለው፣ የሚያረጋጋ ሥራ ነው ይባላል። ሸማኔውን ከሞት አላዳነውም።

በዚያው ሰሞን ግን አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፣ ተመለሱም። እኔ ስለ ቅጠልና ስለ መረጋጋት ሳስብ የሚታየኝ ያ ሳር ነው። ማንም አልጠጣውም፣ ማንም አልሸጠው። እነዚያ ሽማግሌዎች ለራሳቸው ሰላም ቢፈልጉ ኖሮ በራቸውን ዘግተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። የሌላ ሰው ቤት እንዳይቃጠል ነው ጉልበታቸውን መሬት ያስነኩት። የእኛ ቋንቋ «መረጋጋት» ብቻ ሳይሆን «ማረጋጋት» የሚል ግስም አለው፤ እሱ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

«ኧረ ባክሽ፣ ትንሿን ደስታችንን ለምን ትነጥቂናለሽ? ሁሉንም ነገር ፖለቲካ ታደርጊዋለሽ» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማንም አልነጠቃችሁም። ጠጡ፣ ጥለፉ፣ እኔም ዛሬ ማታ ያንኑ ነው የማደርገው። ደሃም ማረፍ ይገባዋል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ። የምቃወመው ዕረፍት መብት መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ሲሆን፣ ከዚያም ዕቃውን መግዛት ያልቻለችው ሴት «ራሷን አትንከባከብም» ስትባል ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ቀልድ የሌለበት። የማይለቅ ጭንቀት፣ የሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መኖርን መጥላት በሻይ የሚመለስ ነገር አይደለም። በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ እዚሁ እኛ ዘንድ ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ያንን በር አልፈው ለመግባት ሰዎች ስንት ዓመት ያፍራሉ። «ጦስኝ ሞክሪ» በሚል ቪዲዮ ያንን እፍረት አንድ ወር እንኳ ብናስረዝመው ሰው ልናጣ እንችላለን። እህታችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ካልተኛች ኩባያ አታቀብሏት፤ አብራችኋት ሂዱ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጥልፍ የምትሠራ ሴት ስታዩ «ደስ ሲል፣ ያዝናናል አይደል?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ነው?» በሏት፣ ያለችውንም ክፈሉ። ጦስኝ ስትገዙ ተቀንጥሶ ነው ወይስ ተነቅሎ ብላችሁ ጠይቁ። የጥልፍ ሳጥን ከምትገዙ ክርና መርፌ ይዛችሁ ጎረቤት ሂዱ፤ የማታችሉትን ታስተምራችኋለች፣ እናንተም ቡናውን ትገዛላችሁ። ቤቷ ሊፈርስ፣ ደሞዟ ሊቆረጥ፣ ውሃዋ ሊጠፋ ላለ ሰው ግን «ተረጋጊ» አትበሉ። መጀመሪያ ምን እንደወሰዱባት ጠይቁና ለማስመለስ አብራችኋት ቁሙ። ሻዩ ይደርሳል።