ካርዱ ምን ይላል?

የተማሪዎች ማኅበራችን በፋኩልቲዎች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ሊያደርግ ማሰቡን፣ ይህም ተቀርጾ በቴሌቪዥን ይታይ ዘንድ ንግግር መጀመሩን ከሰማን ወዲህ፣ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ሌላ ወሬ የለም። የአርትስ ፋኩልቲ ጓደኞቼም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እንድሆን መርጠውኛል። ስለ ምርጫቸው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት የምናገረው አለኝና፣ ቢረዝምባችሁም እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። ኅዳር 26 ቀን 1949 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1956)፣ ማለት በአገራችን ቴሌቪዥን ሊጀመር ገና ስምንት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አሜሪካኖች «ትዌንቲ ዋን» የሚባለውን የጥያቄ ውድድር ለማየት በየቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ሁለት ተወዳዳሪዎች ድምፅ በማያሳልፍ የመስተዋት ክፍል ውስጥ ለየብቻ ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን መልስ አይሰማም፤ ሃያ አንድ ነጥብ ለመሙላት ይሽቀዳደማሉ። በአንደኛው ክፍል ያለው ኸርበርት ስቴምፔል ይባላል፤ በኒውዮርክ የሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ነው። በሌላው ያለው ቻርልስ ቫን ዶረን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ የታወቀ ባለቅኔ ልጅ፣ መልከ መልካምና አንደበቱ የተገራ ሰው ነው።

ስቴምፔል ከዚያ ምሽት ጥያቄዎች አንዱ ሲደርሰው ላቡን ጠረገ። ጥያቄው «በ1955 የምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘው የትኛው ነው?» የሚል ነበር። እርሱም «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ብሎ መለሰ። ስሕተት ነው፤ ያ ፊልም ያሸነፈው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ትክክለኛው መልስ «ማርቲ» ነበር። በዚያው ምሽት ስቴምፔል ተሸነፈ፤ ቫን ዶረንም በአንድ ጊዜ የአገሩ ሁሉ ወዳጅ ሆነ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ደረስን። ስቴምፔል «ማርቲ» የሚለውን መልስ አሳምሮ ያውቀው ነበር። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ ይወደውም ነበር። ነገር ግን የዝግጅቱ አለቃ ዳን ኤንራይት «በዚህ ጥያቄ ላይ ትሳሳታለህ» ብሎ አዝዞታል። ቀድሞ ያሸነፈባቸውንም መልሶች የሰጠው እርሱው ነበር። ጠጕሩን በአጭሩ እንዲቆረጥ፣ በልኩ ያልሆነ ልብስ እንዲለብስ፣ ላቡንም በየትኛው ደቂቃ እንዲጠርግ ሳይቀር ያስተማረው ኤንራይት ነው። ቫን ዶረንም እንደዚሁ መልሱን አስቀድሞ እየተቀበለ ከ129 ሺሕ ዶላር በላይ አገኘ፤ መጋቢት 2 ቀን 1949 ዓ.ም. ደግሞ የቤልጅግ ንጉሥ ስም ጠፋው ተብሎ ወጣ። ስቴምፔል እውነቱን ሲናገር «ቅናት ነው» እየተባለ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ሌሎችም ተወዳዳሪዎች ስለ መሰከሩ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1952 ዓ.ም. ቫን ዶረን በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ማታለሉን አመነ፤ ከዩኒቨርሲቲው ሥራም ተለየ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚገርመኝ የቫን ዶረን ውሸት አይደለም። ገንዘብና ዝና ሰውን እንደሚያስቱ ማን ያጣዋል? የሚገርመኝ የስቴምፔል አፍ ነው። የሚያውቀውን ነገር በአፉ ይዞ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ የማያውቅ መስሎ መናገሩ! ሰው ያላወቀውን አውቃለሁ ቢል ልማድ ነው፤ ያወቀውን አላውቅም ማለት ግን ሌላ ዓይነት መዋረድ ነው።

ይህን የምለው ስለ አሜሪካኖች ለማማት አይደለም። እኔ የአዲ አርቃይ ልጅ ነኝ። ከደባርቅ ወርዶ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ፣ ወደ ተከዜ ያለፈ ሰው ከተማችንን ያውቃታል፤ በስተደቡብ የስሜን ተራሮች እንደ ግንብ ተገትረው ይታያሉ፤ ዳሸን ራሱ ከዚያ ግንብ በስተኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ደርሶብን ትምህርት ተቋርጦ፣ ኋላ በተቀጠለ ጊዜ፣ በአካባቢያችን ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የጥያቄና መልስ ውድድር ተደረገ። ትምህርት ቤቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ለመጨረሻው ዙር የደረስነው ሁለት ነበርን፤ እኔና አንዲት የክፍሌ ልጅ። እርስዋ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን በየሳምንቱ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ማታ አንድ መምህር ጠሩኝና አንድ ደብተር ሰጡኝ። «ይህችን አንብባት፤ በእኔና ባንተ መካከል ትቅር» አሉኝ። ምክንያታቸውንም አልሸሸጉኝም። አሸናፊው ትምህርት ቤቱን ወክሎ ሌላ ቦታ ይወዳደራልና፣ ሰው ፊት ቆሞ ደፍሮ የሚናገር ልጅ ይሻላል፤ እርስዋ ዐይን አፋር ናት። እንግዲህ መምህሩ ኤንራይት የሚባል ሰው በዓለም ላይ እንደ ነበረ ሰምተው አያውቁም ይሆናል። አሳባቸው ግን አንድ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ «የኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ ከፍታ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነበር። አስቀድማ እርስዋ ተጠየቀች። «4,533» አለች። ዳኛው ካርዱን ተመልክተው «ስሕተት» አሉ። እርስዋም፣ ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ፣ «ካርዱ ከየት መጽሐፍ ነው የተጻፈው?» ብላ ጠየቀች። ሜዳው በሣቅ አስተጋባ። ዳኛው «እኛ የምናውቀው ካርዱ የሚለውን ነው» አሉ። ተራው የእኔ ሆነ። «4,620» አልሁ። ጭብጨባው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሽልማቱ አንድ መዝገበ ቃላት ነበር፤ አሁንም ከትራሴ አጠገብ አለ።

ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ወንድምዋ በስሜን ፓርክ ለቱሪስቶች በቅሎ የሚነዳ ነው፤ አንድ ቱሪስት ትቶት የሄደውን የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፍ አምጥቶ ሰጥቷት ነበር። 4,533 የሚለውን ከዚያ አነበበችው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ጉዳዩን በቤተ መጻሕፍት ብከታተል፣ 4,620 የሚለው በቀድሞ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን የቆየው ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ በኋላ የወጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹ 4,533፣ አንዳንዶቹ 4,550 ይላሉ። ስሙ ራሱ ዳሸን ነው ወይስ ደጀን የሚለውም ገና ያከራክራል። እንግዲህ የእርስዋ መልስ ቢያንስ ከእኔው የተሻለ ነበር። ደግሞም እርስዋ መልሱን ያገኘችው አንብባ ነው፤ እኔ ያገኘሁት ተቀብዬ ነው።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ይህን ስነግራቸው «ጨዋታ ነው እኮ፤ ማን ተጐዳ?» ይሉኛል። የ«ትዌንቲ ዋን» አዘጋጆችም ያሉት ይህንኑ ነበር። እውነት ነው፣ በዚያን ጊዜ የጥያቄ ውድድርን አስቀድሞ መሸረብ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን ያወጣው በፈረንጆች 1960 ነው፣ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ። ግን ጨዋታ ከተባለ እኛም ጨዋታ እናውቃለን። በየቤታችን እሳት ዳር ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን ያደግን ነን። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ እኔ ስንት ጊዜ ጎንደርን ከነግንቧ፣ ደባርቅን ከነገበያዋ አስረክቤአለሁ! ነገር ግን ጠያቂው አገር ከተቀበለ በኋላ መልሱን በሰው ሁሉ ፊት መግለጥ ግዴታው ነው። ያልሆነ መልስ ቢናገር አያቴ ከምድጃው ማዶ ሆነው «ይህማ አይመስልም፤ አገሩን መልስለት» ይሉት ነበር። የተሸነፈው ልጅ ይግባኝ ነበረው ማለት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ «ከየት መጽሐፍ ነው?» ብላ ለጠየቀችው ልጅ ግን ከሣቅ በቀር የተሰጣት መልስ የለም።

ነገሩ ከጨዋታም አልፎ ሄዶአል። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሰራጨቱ እንደ ተሰረዘ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጊዜ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ኩረጃው እየባሰ ስለ ሄደ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ሆነ፤ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት እኔም በዚሁ ሁኔታ ተፈተንሁ፤ የዚያ ዓመት ውጤት ከመቶ 3.2 ነበር። እኔ ከ3.2ቱ ውስጥ አልነበርሁም። በሪሚዲያል ትምህርት በኩል ገብቼ ነው ዛሬ ከእናንተ ጋር የምቀመጠው፤ ይህንንም ለመናገር አላፍርም።

ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። በፈተናው አዳራሽ ውስጥ፣ ፈታኙ በማላውቀው ግቢ በማላውቃቸው ልጆች መካከል አስቀምጦኝ፣ የጂኦግራፊው ወረቀት ሲመጣ እጄ ሳይታወቀኝ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ምን ይጠብቅ ነበር? ደብተር የሚሰጠኝ ሰው ይጠብቅ ነበር! አንድ ማታ ብቻ የለመድሁት ነገር ሁለመናዬን አስንፎት ነበር። ስለ 3.2ቱ ብዙ ተጽፎአል፤ የመምህራን እጥረት ነው፣ የመጽሐፍ እጥረት ነው፣ ጦርነት ነው ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው፣ እኛ በአዲ አርቃይ ሦስቱንም አይተናቸዋል። እኔ በበኩሌ የማክልበት፣ መልስ ከካርድ እንጂ ከነገሩ ከራሱ አይገኝም ብለን ማደጋችንን ነው። ካርዱን ያየ አወቀ ይባላል። ካርዱን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ከምን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ተከራካሪ ወይም እንደ ተሸናፊ ይቈጠራል። ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ልማድ በዩኒቨርሲቲ በር ሲደርስ የሚቀር መስሎአችሁ እንደ ሆነ፣ የአምና የፈተና ወረቀቶች በየመኝታ ቤቱ በስንት ብር እንደሚሸጡ ጠይቁ።

ለዚያች ልጅ ባለፈው የፋሲካ በዓል ጊዜ ስልክ ደውዬ ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኋት። እርስዋም አሁን በሌላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ «መዝገበ ቃላቱ ግን ጥሩ ነው?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኋት። በሚመጣው ዕረፍት አዲ አርቃይ ስንገናኝ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ተቀበይኝ ብያታለሁ፣ እሺም እንቢም አላለችኝም።

እንግዲህ ለማኅበሩ የውድድር ኮሚቴ ያለኝን ላቅርብ። ጥያቄዎቹን የሚያወጡት መምህራን ከተወዳዳሪዎቹ ፋኩልቲ ባይሆኑ እወዳለሁ፤ ጥያቄዎቹም ታሽገው ይቀመጡና በውድድሩ ሰዓት በተመልካች ፊት በዕጣ ይውጡ። በየካርዱ ላይ ከመልሱ ጋር መጽሐፉና የታተመበት ዓመት ይጻፍ። ተሳሳትህ የተባለ ተወዳዳሪ «ከየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዳኛው ምንጩን አንብበው ይመልሱለት፤ ካሜራው ቢጠፋም ባይጠፋም። የቴሌቪዥኑ ሰዎች «ጊዜ ይወስድብናል» ብለው ይህን ባይወዱት አይገርመኝም፤ ለቀልድም አይመች ይሆናል። ያለዚያ ግን ስሜን ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ሰርዙልኝ፤ በምትኬ የሚቀመጥ ከፋኩልቲያችን አይጠፋም። ይህንኑ በደብዳቤ ለኮሚቴው ጸሓፊ ሰኞ ዕለት አስገብቻለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።